የውሻው አፍንጫና የሰው እጅ፦ ስለ ፖሊስ ውሾችና ስለ ያዦቻቸው የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ አነፍናፊ ውሾችን ለሥራ ለምታሰማሩ የፖሊስና የጸጥታ ተቋማት ኃላፊዎች፣ ለመርማሪዎችና ለዐቃብያነ ሕግ
ግልባጭ፦ «ውሻ ይምጣልን» ብላችሁ ለምትጠሩን ነዋሪዎች

ጉዳዩ፦ ውሻና ያዡ እንደ አንድ ሠራተኛ እንዲቆጠሩ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከሥራ ዘመኔ የሚበዛውን በውሻ ገመድ ጫፍ ቆሜ ያሳለፍኩና ዛሬ በጡረታ ላይ የምገኝ የቀድሞ የፖሊስ አባል ነኝ። በሥራ ላይ ሳለሁ ለአለቆቼ በቃልም በማስታወሻም ያቀረብኩትን ዛሬ በአደባባይ የምደግመው ያገለገልኩበትን ቤት ለማሳጣት አይደለም፤ ያ ቤት ልጆቼን አሳድጎልኛል። የምደግመው፣ ጥያቄው እኔ ስወጣ አብሮኝ ስላልወጣና ከእኔ በኋላ ገመዱን የያዙት ወጣቶች ዛሬም የሚያነሱት በመሆኑ ነው። ጥያቄው አንድ ነው። ውሻውና ያዡ ሁለት ነገር ሳይሆኑ አንድ ሠራተኛ መሆናቸው በጽሑፍ ይታወቅ፤ ሲመደቡም፣ ሲመዘኑም፣ ሲሰናበቱም እንደ አንድ ይታዩ።

ይህ ለውጭ ሰው እንግዳ ነገር እንደሚመስል አውቃለሁ። ከመኪና ስንወርድ የሚሸሸውም የሚያጨበጭበውም የሚያየው ውሻውን ብቻ ነው። ገመዱን የያዘው ሰው እንደ በር ጠባቂ ነው የሚቆጠረው፤ ዕውቀቱ ያለው እንስሳው አፍንጫ ውስጥ፣ የሰውየው ሥራ ደግሞ እንስሳውን እንዳይናከስ መያዝ ብቻ ይመስላል። እርግጥ ነው አፍንጫው የእግዚአብሔር ድንቅ ሥራ ነው። የሰው ልጅ ሽታን የሚለይባቸው ሕዋሳት ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ የውሻው እንደየዘሩ እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ውሻ ሲያነፈንፍ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ያህል አየር ይስባል፤ ያገለገለውን አየር ደግሞ በአፍንጫው ጎንና ጎን ባሉት ስንጥቆች ስለሚያስወጣው፣ የሚወጣው ትንፋሽ የሚገባውን ሽታ አይረብሽበትም። እኛ ወጥ ቤት ገብተን «ዶሮ ወጥ ተሠርቷል» ስንል፣ ውሻው ሽንኩርቱን ለብቻ፣ በርበሬውን ለብቻ፣ ቅቤውን ለብቻ፣ ድስቱ የታጠበበትን ሳሙና ለብቻ ያሸታል። ሐሺሽን በቡና ወይም በበርበሬ ከረጢት ቀብሮ ኬላ የሚያልፍ ነጋዴ የሚሸወደው በዚህ ነው። ቡናው ሽታውን የሚሸፍነው ለነጋዴው አፍንጫ ብቻ ነው።

ነገር ግን አፍንጫው የሚያውቀውን ነገር በቋንቋ አይናገርም። ውሻው ፈንጂ ምን እንደሆነ፣ ወንጀል ምን እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው አንድን ሽታ ሲያገኝና ሲቀመጥ ኳስ ወይም የተጠቀለለ ፎጣ እንደሚወረወርለት ነው። ብዙ ሰዎች ሐሺሽ የሚፈልግ ውሻ ሱስ እንዲይዘው ተደርጎ የሠለጠነ ይመስላቸዋል፤ ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ውሻው ዕድሜ ልኩን የሚፈልገው ኳሱን ነው። ኳሱን የሚሰጠው ደግሞ ሰው ነው። እንግዲህ የሥራው ጥንካሬም ድካምም ያለው በዚህች ነጥብ ላይ ስለሆነ፣ እባካችሁ ታገሱኝና ትንሽ ልቆይባት።

ውሻው ከመቀመጡ በፊት ብዙ ነገር ይሆናል። የእኔ ውሻ፣ አርኮ፣ ሽታ ሲያገኝ መጀመሪያ አፉን ይዘጋል፤ ማለከለኩ ይቆምና ትንፋሹ ያጥራል። ቀጥሎ አካሄዱ ሳይለወጥ አንገቱ ብቻ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ልክ የተጠራ ሰው እንደሚዞረው። ጅራቱ መወዛወዙን ይተውና ጫፉ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ ነው የሚቀመጠው። መርማሪው የሚያየው መቀመጡን ነው፤ እኔ የማየው አፉ ሲዘጋ ነው። ሌላ ውሻ ሌላ ጠባይ አለው። አንዷን ላብራዶር አውቃታለሁ፣ ሽታ ስታገኝ ጆሮዋን ጥላ ያዘነች ነበር የምትመስለው፤ ለማያውቃት ሰው ደክሟት ነው። ይህን የሚያውቀው ከእርሷ ጋር ወራትን ያሳለፈ ያዥ ብቻ ነው።

ስለዚህ በሠራሁበት ቦታ ይደረግ እንደነበረው ውሻን እንደየፈረቃው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ማስተላለፍ፣ ያዡ ለሌላ ምድብ ሲፈለግ ውሻውን ትቶ እንዲሄድ ማድረግ፣ ግማሹን ዕውቀት በር ላይ አስቀርቶ ግማሹን ወደ ሥራ ማስገባት ነው። ውሻ ከመሣሪያ ግምጃ ቤት በፊርማ ወጥቶ በፊርማ የሚመለስ ጠመንጃ አይደለም። እንዲያውም አርኮ ከውጭ ሠልጥኖ ስለመጣ ትእዛዝ የሚሰማው በጀርመንኛ ነበር፤ እኔም በዕድሜዬ አጋማሽ «ዚትስ» እና «ፕላትስ» ማለትን ተምሬ፣ ቤቴ ገብቼ ልጆቼን ሳይቀር በዚያው ቃል ተቀመጡ የምልበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን የተተካልኝ ባልደረባ በአማርኛ «ቁጭ በል!» እያለ ሲጮህበት ውሻው በትሕትና ቆሞ ሲያየው እንደነበረ ነግረውኝ ስቀናል። ፍተሻው ግን የእውነት ፍተሻ ነበር፤ በዚያ ቀን ምን እንደታለፈ ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ እመጣለሁ። በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት እንደነበረ ሽማግሌዎች ያወሩልናል፤ በመጻሕፍትም ተመዝግቧል። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ ይመጣና የተቀመመ መጠጥ ይሰጠዋል። አእምሮው ሲደነዝዝ በወገቡ ላይ በታሰረው ገመድ ሌባሻዩ ይዞት በመንደሩ ውስጥ እየተንገዳገደ ያስሳል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን ይከፍላል፣ ወይም ከዚያ የከፋ ቅጣት ይቀበላል። ይህ ልማድ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታግዶ ቀርቷል። እኔ ግን ታሪኩን በሰማሁ ቁጥር ልጁን ሳይሆን ገመዱን ነው የማስበው። ልጁ መድኃኒት ጠጥቷል፤ ገመዱን የያዘው ሰው ግን አልጠጣም። የመንደሩን ወሬ ሰምቷል፤ ከማን ጋር ማን እንደተጣላ፣ በማን ላይ ጥርጣሬ እንዳለ ያውቃል። እጁ ትንሽ ሲጠብቅና ትንሽ ሲላላ ልጁ ወዴት ሊሄድ ይችል ነበር?

ይህን የምጠይቀው ስለማላውቀው ዘመን ለማማት አይደለም፣ በራሴ እጅ ስለደረሰ ነው። አንድ ጊዜ ወርቅ ወደ ጠፋበት ግቢ ተጠራን። ውሻውን ከመኪና ሳላወርድ መርማሪው ቀርቦ «ሠራተኛዋ ናት፣ አውቀናል፤ ውሻው ብቻ ያረጋግጥልን» አለኝ። ወርቁ የነበረበትን ሳጥን ለአርኮ አስሸተትኩት። አርኮ ሳሎኑን ዞሮ፣ በጓሮ በር ወጥቶ፣ ከአጥሩ ሥር ቆመና አፉን ዘጋ። እኔ በዚያች ቅጽበት አጥሩን ሳይሆን ከአጥሩ ጎን ያለችውን የሠራተኛ ክፍል እያየሁ ነበር። ገመዱ በእጄ ውስጥ ጠበቀ። ውሻው ዞሮ አየኝ፣ ወዴት እንደምመለከት አየ፣ ወደ ክፍሏ ሄደና ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ግቢው በጩኸት ተናጋ። ልጅቱ ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት ነበረች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። በቁጥጥር ሥር ውላ ከቆየች ከቀናት በኋላ ወርቁ በአጥር ዘሎ በገባ ሌላ ሰው እጅ ተገኘ።

ነገሩን ቆይቼ ሳስበው ሁለት ስሕተት ነበረብኝ። አንደኛው፣ ያንን ሳጥን በየቀኑ አቧራውን የምታራግፈው እርሷው ስለነበረች የእርሷ ሽታ በላዩ ላይ መኖሩ ምንም የማያስረዳ መሆኑን ማሰብ ነበረብኝ፤ ወርቁ ቢጠፋም ባይጠፋም ከዚያ ሳጥን የሚነሳ ውሻ ወደ እርሷ አልጋ መድረሱ የማይቀር ነበር። ሁለተኛው ደግሞ እጄ ነው። በመዝገቡ ላይ «ውሻው አመልክቷል» ተብሎ ተጻፈ። የውሻው ስም ገባ፣ የእኔ እጅ ግን አልገባም። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም። ልጅቱ ስትፈታ ይቅርታ የጠየቃት ሰው መኖሩን አላውቅም። እኔ አልጠየቅኋትም።

ይህ የእኔ ብቻ ድካም ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ ዝም ባልኩ ነበር፤ ነገር ግን የሙያው ሁሉ ፈተና መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በበርሊን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ሃንስ የሚባል ፈረስ መደመርና መቀነስ ይችላል ተብሎ ዝናው ገነነ፤ መልሱን በኮቴው መሬቱን እየመታ ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ሲመረምረው ፈረሱ ሒሳብ እንደማይችል፣ ይልቁንም ጠያቂው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደረስ ሳያውቀው የሚያደርገውን እጅግ ትንሽ የራስና የፊት እንቅስቃሴ እያየ እንደሚያቆም ደረሰበት። መልሱን የማያውቅ ሰው ሲጠይቀው ፈረሱም መልሱን አጣ። ባለቤቱ አጭበርባሪ አልነበረም፤ በገዛ ፈረሱ ከልቡ ያምን ነበር። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በአሜሪካ 18 የውሻና የያዥ ጥንዶች ምንም ዓይነት አደንዛዥ ዕፅም ሆነ ፈንጂ ወዳልተቀመጠባቸው ክፍሎች ገብተው እንዲፈትሹ ሲደረግ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፎ ለያዦቹ «ወረቀቱ ያለበት ሽታው ያለበት ነው» ተብሎ ተነገራቸው። አብዛኛው ፍተሻ «ውሻው አመልክቷል» በሚል ሪፖርት አለቀ፤ በተለይ ያዦቹ እንዲጠረጥሩ በተደረገባቸው ቦታዎች ላይ። ውሾቹም ያዦቹም ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑና በሥራ ላይ የነበሩ ናቸው።

ከዚህ ተነስቶ ውሻ አያስፈልግም የሚል ካለ ተሳስቷል። በአንድ ስታዲየም ውስጥ ያሉትን ወንበሮች በሰዓታት ውስጥ አሽትቶ የሚጨርስ መሣሪያ እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔ የምለው፣ ምልክቱ የሁለት ፍጡራን ሥራ ከሆነ መመዘንም ያለባቸው ሁለቱ አብረው ነው። ውሻው ለብቻው ሜዳ ላይ በሚያውቀው ሰው ፊት ያለፈው ፈተና፣ ያዡም ለብቻው በክፍል ውስጥ ያለፈው ፈተና ምስክር አይሆንም። ያዡ ሽታው የት እንደተደበቀ በማያውቅበት፣ ፈታኙም አጠገቡ ሆኖ በፊቱ በማያሳብቅበት፣ አንዳንዴም ጭራሽ ምንም ባልተደበቀበት ቦታ ይፈተኑ። ምንም በሌለበት ቦታ «ምንም የለም» ብሎ መውጣት የሚችል ጥንድ ነው የበቃ ጥንድ፤ ይህችኛይቱ ፈተና ግን፣ ለእንግዶችና ለካሜራ ስለማታምር ይሆናል፣ እኔ ባገለገልኩበት ጊዜ እምብዛም አልተሰጠችም።

መርማሪዎችንም በአክብሮት እለምናለሁ። ጥርጣሬያችሁን ለውሻ ያዥ አትንገሩት። መነሻውን ቦታ አሳዩት፣ ስለ አደጋው አስጠንቅቁት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቁሙለት። ለማወቅ መፈለጉ አይቀርም፤ «ማንን ጠረጠራችሁ?» ብሎ ቢጠይቃችሁም አትመልሱለት። በመዝገብ ላይም «ውሻው አመልክቷል» ከማለት ይልቅ ያዡ በራሱ ፊርማ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት ተነስቶ፣ በምን የአየር ሁኔታ፣ ውሻው ምን እንዳደረገ፣ ከዚያ በፊት የት የት እንደቆመና እንዳለፈ፣ በመጨረሻም በዚያ ቦታ አንዳች ነገር ተገኝቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ይጻፍ። ይህ መዝገብ ሲጠራቀም የትኛው ጥንድ ስንት ጊዜ እንደተሳካለትና ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ ይናገራል፤ ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም ያንን ጠይቆ ማየት ይችላል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር የመጠበቅ መብት እንዳለው ተደንግጓል። የውሻ መቀመጥ የምርመራ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ የምርመራው መጨረሻ ከሆነ ግን ሌባሻይን በደንብ ልብስ መልሰናል ማለት ነው።

ስለ ሥራ ሰዓት ብዙ አልናገርም፣ ምክንያቱም ነገሩ ግልጽ ነው። ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ የሚያለከልክ ውሻ ደግሞ በአፉ ስለሚተነፍስ በደንብ አያሸትም። በድሬዳዋ ወይም በመተማ ፀሐይ ከግማሽ ሰዓት ብዙ ያልዘለለ ፍተሻ፣ ከዚያ ጥላና ውኃ፣ ከዚያ እንደገና ነው። አስፋልቱን በእጃችሁ መዳፍ ንኩት፤ እናንተን ካቃጠላችሁ የእርሱንም መዳፍ ያቃጥለዋል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ኬላ ላይ የቆመ ውሻ ለማስፈራራት ካልሆነ በቀር ለምንም አይጠቅምም።

ስለ ሰውየው ግን ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም እርሱን የሚያነሳው የለም። በእኛ አገር ውሻ ለግቢ በር እንጂ ለሳሎን አይታሰብም፤ የእብድ ውሻ በሽታን ፍርሃትም በየቤቱ በደረሰ ኀዘን የተገኘ እንጂ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ስለዚህ ውሻ ያዥ ቤት ሲከራይ «ልብስህ ላይ ጠጉር አለ» ተብሏል፤ በለቅሶ ቤት አጠገቡ ያለው ሰው ፈቀቅ ብሎበታል። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሳለመው ታጥቤና ልብሴን ቀይሬ ነበር፤ በበዓል ዋዜማ አካባቢውን ስንፈትሽም ከደጀ ሰላሙ አላልፍም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በሰው ዐይንና በሰው እጅ ይፈተሻል። ሙስሊም ባልደረባዬ ደግሞ የውሻ ምራቅ ሲነካው ከሰላት በፊት ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠብ ነበር። ውኃ በማይገኝበት ኬላ ላይ የመጠጫ ውኃውን ለዚህ ሲያውል አይቼ የእኔን አካፍዬዋለሁ። ሁለት የደንብ ልብስ፣ መታጠቢያና መቀየሪያ ክፍል፣ በየዓመቱ የያዡም የውሻውም ክትባት፦ እነዚህ ትልቅ ወጪ አይደሉም፤ ባለመሟላታቸው ግን ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ከዚህ ሙያ ሸሽተዋል።

ነዋሪዎችንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ሌብነት ሲደርስባችሁ በተሰበረው መስኮት በኩል ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ «ውይ ውይ» ካለ በኋላ ውሻ አትጥሩ። ሰው በሄደበት ሁሉ ከቆዳው የሚረግፍ ዐይን የማያየው ብናኝ ይጥላል፤ ውሻው የሚከተለው ዱካ ያ ነው። ጠዋት ጤዛ ሳለ ይጠብቃል፣ ቀትር ላይ ይበተናል፣ የክረምት ዶፍ ያጥበዋል፣ አርባ ሰው ከረገጠው ደግሞ የአርባ ሰው ይሆናል። በሩን ዝጉ፣ ምንም አትንኩ፣ የሰፈር ውሾችን አርቁልን። ሥራ ላይ ያለውን ውሻ «ቡቺ፣ ቡቺ» ብላችሁ አትጥሩት፣ ዳቦም አትወርውሩለት፤ ድንጋይ የሚወረውሩትንም ልጆች ተቆጡልን።

የመጨረሻው ጉዳይ ስንብት ነው፤ እዚህ ላይ እንደ ባለሙያ ብቻ መናገር ስለማልችል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አርኮ ዘጠነኛ ዓመቱን ሲያጋምስ የኋላ እግሮቹ ከዱት። የጀርመን እረኛ ውሾች በዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም የሚታወቁ ናቸው፤ ወደ መኪና መዝለል አቃተውና በክንዴ አቅፌ ማውጣት ጀመርኩ። በግቢው ያሉ ወጥ ቤት ሠራተኞች ያን ጊዜ «መቻል» የሚል ስም አወጡለት፤ እርሱም በሁለቱም ስም ይዞር ነበር። አገልግሎት መስጠት የማይችል ቋሚ ንብረት ተብሎ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ሲወሰን ወደ ቤቴ እንድወስደው በጽሑፍ ጠየቅሁ። የተሰጠኝ መልስ ክፋት አልነበረበትም። «ወንበርና ጠረጴዛ በጨረታ ይወገዳል፤ ውሻን ለሠራተኛ ስለ መስጠት የሚል መመሪያ የለንም፤ ነገ በኦዲት እንጠየቃለን» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፣ መመሪያ አልነበረም። እኔ በዚያው ሰሞን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወርኩ። አርኮ በአንድ መጋዘን በር ላይ በሰንሰለት ታስሮ ዘበኛ ተደረገ። ዕድሜውን ሙሉ ታስሮ የማያውቅ ውሻ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ለሥራ ጉዳይ ስመለስ ሰንሰለቱን ብቻ አገኘሁ።

ቋንቋችን በከንቱ ለቀረ ሞት «ደመ ከልብ» ይላል፤ የውሻ ደም ጠያቂ የለውምና። እኔ በዚህ ሐረግ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠቀም ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሌሎች አገሮችም ከእኛው ስሕተት ጀምረዋል። አሜሪካውያን በቬትናም ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን አሰልፈው ሲያበቁ፣ ሲወጡ አብዛኞቹን እንደ ትርፍ ዕቃ ቆጥረው እዚያው ትተዋቸዋል፤ ያዦቹ ሽማግሌ ሆነውም ሲያለቅሱበት ይሰማሉ። በጡረታ የሚወጣ የጦር ሠራዊት ውሻ ለቀድሞ ያዡ ወይም ለሌላ ተቀባይ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በእንግሊዝ የኖቲንግሃምሻየር ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2013 ጡረታ ለሚወጡ ውሾች ሕክምና በዓመት እስከ 500 ፓውንድ፣ ለሦስት ዓመት መክፈል ጀመረ። በዚያው አገር ፊን የተባለ የፖሊስ ውሻ እ.ኤ.አ. በ2016 ያዡን ሲከላከል በቢላዋ ተወግቶ ክፉኛ ቆሰለ። በእርሱ ላይ የደረሰው ጉዳት እንደ ተሰበረ ዕቃ «በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት» ተብሎ በመቆጠሩ ሕዝቡ ስለተቆጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ላይ ያሉ እንስሳትን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ።

«ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ ቀለብ ታወራለህ ወይ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄውንም አልንቀውም፣ በደሞዜ ስድስት ነፍስ አሳድሬያለሁና። እኔ ግን የምጠይቀው አዲስ በጀት ሳይሆን አንድ ገጽ መመሪያ ነው። ውሻው ከአገልግሎት ሲወጣ በእንስሳት ሐኪም ተመርምሮ ለሰው አደገኛ አለመሆኑ ከተረጋገጠ በመጀመሪያ ለያዡ በነጻ እንዲሰጥ፣ ያዡ ካልፈለገ ወይም ካልቻለ ለሌላ የሙያው ሰው እንዲተላለፍ፣ ክትባቱም ተቋሙ ከሚሰጠው ክትባት ጋር አብሮ እንዲቀጥል የሚል። ሐኪሙ ሕመሙ የማይድንና የሚያሠቃይ ነው ካለም ያዡ ባለበት፣ በወጉ፣ በመርፌ ይረፍ። ለኦዲተሩ የሚታይ አንድ ፊርማ ያለው ወረቀት ቢኖር ኖሮ፣ መልካም ሰዎች የነበሩት አለቆቼ እንቢ ባላሉኝም ነበር።

በሥራ ዘመኔ ለራሴ የያዝኳቸው አራት ደብተሮች አሉ። የወጣንባቸው ቀናት፣ ሰዓቱ፣ ፀሐይና ዝናቡ፣ አርኮ የት አፉን እንደዘጋና የት እንደተቀመጠ፣ የተገኘውና ያልተገኘው በእጄ ተጽፎባቸዋል። ያ የወርቅ ጉዳይም ከነ ስሕተቴ አለበት። የመዝገቡን ቅጽ ለማዘጋጀት የሚሠየም ኮሚቴ ካለ ወይም አንድ ወጣት ያዥ እንኳ ለማየት ከፈለገ፣ ደብተሮቹን ለማስረከብና ቀርቤ ለማስረዳት ዝግጁ መሆኔን በትሕትና አሳውቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቀድሞ የፖሊስ ውሻ ያዥ